ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ… ቀጥሎስ?

ለትንንሽ ልጆች የሚደጋገም ድርድር ስናስተምር፣ "ቀጥሎ ምን ይመጣል?" የምትለው ጥያቄ ታታልላለች። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ደርድረን ስንጠይቅ የአራት ዓመት ልጅ "ባቄላ!" ይላል፤ እኛም ገባው ብለን እናጨበጭባለን። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ ያደረገው መጨረሻ ላይ ካየው የተለየውን ማንሳት ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ባቄላ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ እያላችሁ ደርድሩለት። ማፈራረቅ ብቻ የለመደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ አንድ ባቄላ፣ አንድ ሽምብራ እያለ ይቀጥላል።

መታየት ያለበት የሚደጋገመው ቁራጭ ነው፤ እዚህ ላይ "ባቄላ ባቄላ ሽምብራ" የሚለው። ስለዚህ ቁራጩን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሙሉውን ድገሙት፤ አንዴ ተኩል አሳይቶ "ቀጥል" ማለት ልጁን ማስገመት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ በክር ክበቡለት፣ ስታነቡም "ባቄላ ባቄላ ሽምብራ" ብላችሁ ትንሽ ዝም በሉ። ጆሮ ከዓይን ቀድሞ የሚይዝበት ጊዜ አለ። (ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥራጥሬ አትስጡ፣ ያንቀዋል። ትልልቅ ኩቦች ይሻላሉ፤ መጀመሪያ ላይ በቀለም ብቻ የሚለያዩ ይሁኑ። መጠኑም ቀለሙም ከተለያየ እናንተ ቀለሙን ስታዩ እሱ መጠኑን ያያል።)

የት ላይ እንደምታቆሙም አስቡበት። ቁራጩ ባለቀበት ካቆማችሁ ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየገለበጠ ያልፋል። መሃል ላይ፣ ከመጀመሪያው ባቄላ በኋላ ካቆማችሁ ግን ቁራጩን ማሰብ ግድ ይለዋል።

ይህን ሲችል ድርድሩን በጨርቅ ሸፍናችሁ በቃሉ ይሥራው። ወይም ያንኑ በሰውነቱ ያውጣው፦ ጭብጨባ፣ ጭብጨባ፣ እግር መምታት። እቃው ተቀይሮ ሥርዓቱ እንዳልተቀየረ ከያዘ፣ ሒሳቡን ይዞታል።

የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ካለ ደግሞ "እንደገና የሚጀምረው የት ነው?" ብላችሁ በጣቱ ያሳያችሁ። እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ቦታ ቢጀምር አትቸኩሉ፤ ከዚያ ነጥብ ተነስቶ እኩል የሚደጋገም ከሆነ ትክክል ነው።

ቁጥር ላይ ስትደርሱ "2፣ 4፣ __" ብላችሁ አትጠይቁ። 6 ያለውም፣ እጥፍ አድርጎ 8 ያለውም ልክ ነው። 2፣ 4፣ 6፣ 8 ድረስ በኩብ ደረጃ ሠርታችሁ፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ስንት ኩብ እንደተጨመረ እሱ ይቁጠር።