መደበኛ የሆነው የደም ምርመራ ምን ይነግረን ነበር? የኮቪድ ሕሙማንን ውጤት ስከታተል የተማርኩት

በ2012 ዓ.ም ክረምት የውስጥ ደዌ ሕክምና ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የኮቪድ-19 ማከሚያ ማዕከል ተመድቤ እሠራ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ከተገኘ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር ያለፉት። የጽኑ ሕሙማን አልጋዎች ቁጥር እጅግ የተወሰነ ስለነበር፣ በየማለዳው ርክክብ ላይ የምናነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ዛሬ በመካከለኛ ደረጃ ከተኙት መካከል ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚብስበት ማን ነው?

ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ እንድነሳ ያደረጉኝ አንድ አባት ናቸው። ስልሳዎቹን ያገባደዱ፣ ስኳር ያለባቸው ሰው ነበሩ። ጠዋት ስገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው አገኘኋቸው። «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ስላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፤ እኔስ ደህና ነኝ፤ ይልቅ ያ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲስል ነው ያደረው፣ እሱን እይልኝ» አሉኝ። በሁለት ሊትር ኦክስጅን ሳቹሬሽናቸው (በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን) 93 በመቶ ነበር። የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ወረቀታቸውን አየሁት፤ ጠቅላላ ነጭ የደም ሴል 7.2 ሺህ ስለሚል «ደህና ነው» ብዬ አለፍኩት። ከሥር ግን ከነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ሁለቱ፣ ኒውትሮፊል 6.3 ሺህ፣ ሊምፎሳይት ደግሞ 0.5 ሺህ ተብለው ተጽፈው ነበር፤ አንዱ ለሌላው ሲካፈል ከ12 በላይ ይመጣል። በሁለተኛው ሌሊት ትንፋሻቸው ከበደ፣ በአምስተኛው ቀን ዐረፉ። ያን ወረቀት በጊዜው በትክክል ባነበው ኖሮ ሕይወታቸው ይተርፍ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን በዚያ ሌሊት ማንም ሳያያቸው ስድስት ሰዓት ባልቆዩ ነበር።

የሁለቱ ሴሎች ጥምርታ ትርጉም ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽታው ሲጠና ሊምፎሳይት ይመናመናል፤ የሰውነት ብግነት ሲያይል ደግሞ ኒውትሮፊል ይጨምራል። ጠቅላላው ቁጥር በአብዛኛው የሁለቱ ድምር በመሆኑ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ስለሚወጣ ውጤቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሊምፎሳይት ማነስ ብቻውን ብዙ አይለይም። ከቻይና በወጣውና 1,099 ሕሙማንን በያዘው የመጀመሪያ ትልቅ ሪፖርት ላይ ሆስፒታል ሲገቡ ሊምፎሳይታቸው ያነሰ 83.2 በመቶ ነበሩ፤ ሪፖርቱ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ግን ከጠቅላላዎቹ ሕሙማን የሞቱት 1.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ማነሱን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንዳነሰና በቀጣዮቹ ቀናት ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነበረብን።

መረጃውን የሰበሰብነው ሁለት ሬዚደንቶች፣ አንዲት ነርስና አንድ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ሆነን ነው። የታማሚው ካርድ ከቀይ ዞኑ (ሕሙማኑ ከተኙበት ክልል) ስለማይወጣ፣ ውስጥ ያለው ሰው እያንዳንዱን ገጽ ከመስታወቱ ጋር ያስጠጋዋል፤ ውጭ ያለው በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል፤ ማታ ኤክሴል ላይ እናሰፍረዋለን። እያንዳንዱን ካርድ ሁለት ሰው ለየብቻው እንዲያስገባ አደረግን፤ አድካሚ ቢሆንም የነጥብ ቦታ የተሳሳተባቸውን ቁጥሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ያገኘናቸው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተታችን የበሽታውን መክፋት የለካንበት መንገድ ነበር። «ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባ» የሚለውን መለኪያ አድርገን ስንጀምር ነገሩ ግልጽ መስሎን ነበር። ነገር ግን አልጋ ሲሞላ በጣም የታመመውም ሰው እዚያው ዋርድ ውስጥ ይቆያል፤ አልጋ ሲለቀቅ ደግሞ ያን ያህል ያልባሰበትም ይገባል። የለካነው የአልጋውን መኖር እንጂ የበሽታውን ጽናት አልነበረም። ስለዚህ መለኪያውን ሰውየው በሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን፣ በመተንፈሻ መሣሪያና በሞት ተካነው፤ ገና ሲመጡ በጽኑ ሁኔታ ላይ የነበሩትንም ከስሌቱ አወጣናቸው፤ አስቀድሞ የባሰበትን ሰው «ይብስበታል» ማለት ትንበያ አይሆንምና። ኦክስጅኑንም ቢሆን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ሳንዘነጋ መተርጎም ነበረብን፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የጤነኛ ሰው ሳቹሬሽን በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ሰው ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ደሙ የተቀዳበት ጊዜ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ የሚከብደው ይህ ነው። በግንቦት 2012 ዓ.ም ከዉሃን የወጣና ብዙ የተወራለት አንድ ጥናት በሦስት ምርመራዎች ብቻ፣ ማለትም በኤልዲኤች (ሴሎች ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም)፣ በሊምፎሳይትና በሲአርፒ (የብግነት አመልካች)፣ የ485 ሕሙማንን ዕጣ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት መለየት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። እኛም ተደስተን ያንኑ ለመከተል ተዘጋጅተን ነበር። ዘዴውን በጥንቃቄ ስናነብ ግን የተጠቀሙት የእያንዳንዱን ሰው የመጨረሻ ናሙና እንደሆነ ተረዳን። ሊሞት የተቃረበ ሰው ደም ሞትን ቢያመለክት አያስገርምም፤ ለሐኪም የሚጠቅመው ገና በገባበት ቀን የተቀዳው ነው። በኋላም በኔዘርላንድስ፣ በፈረንሳይና በኒውዮርክ ያሉ ሐኪሞች ያንኑ ስሌት በራሳቸው ሕሙማን ላይ ሲሞክሩት የተባለውን ያህል ሳይሠራ ቀርቷል። እኛም ከገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ የተቀዳውን ደም ብቻ እንድንይዝ ወሰንን፤ ውጤታችን ወዲያው ደከመ፤ እውነተኛው ግን እሱ ነበር።

ያልተሠራ ምርመራም የራሱ መልእክት አለው። ሲቢሲና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን ለሁሉም ይታዘዙ ነበር፤ ዲ-ዳይመር (የደም መርጋት አመልካች) እና ፌሪቲን (የብግነት አመልካች) ግን የሚታዘዙት ሐኪሙን ለሚያሳስበው ታማሚ ወይም ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ሲገኝ ነበር። እነዚህን ያሠሩትን ብቻ ለይተን ብንቆጥር ኖሮ የምናገኘው የሐኪሙን ስጋት እንጂ የምርመራውን ጉልበት አልነበረም። ስለዚህ ለሁሉም በሚሠሩት ርካሽ ምርመራዎች ላይ፣ ዕድሜንና ተጓዳኝ ሕመምን ጨምረን፣ ለመቆም መረጥን። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ከ57,000 በላይ የብሪታንያ ሕሙማንን መሠረት አድርጎ የወጣው የሞት አደጋን የሚገምተው ፎር-ሲ የተባለው ነጥብ አሰጣጥ ስምንት ነገሮችን ብቻ ሲይዝ፣ ከእነዚያ ውስጥ የደም ምርመራ የሆኑት የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ዩሪያና ሲአርፒ ብቻ መሆናቸውን ሳይ ምርጫችን ትክክል እንደነበር ተረዳሁ። ከፍተኛውን ነጥብ የሚይዘውም ዕድሜ ነው።

ከውጭ የመጣን የጥምርታ ወሰን (ከዚህ ካለፈ ያሰጋል የሚባል ቁጥር) እንዳለ መውሰድም አልጠቀመንም። የብዙ ኢትዮጵያውያን ኒውትሮፊል በጤናም ጊዜ መጽሐፍ ላይ ካለው መጠን ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም ዳፊ በተባለው የቀይ የደም ሴል ምልክት ላይ ያለ የዘር ልዩነት ነው፤ ሕመም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይኸው ታይቶ ተመዝግቧል። አካፋዩ ያው ሆኖ ተካፋዩ ዝቅ ካለ ጥምርታውም አብሮ ይወርዳል፤ በቤጂንግ ወይም በዉሃን የተቆረጠው ወሰን እኛ ዘንድ የሚያስፈራውን ሰው ደህና አስመስሎ ሊያሳልፈው ይችላል።

ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) በኦክስጅን ላይ ባሉ ሕሙማን ዘንድ ሞትን እንደሚቀንስ ከብሪታንያ ሲነገር ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ርካሽና በየፋርማሲው የሚገኝ መድኃኒት ነውና። ለስሌታችን ግን አዲስ ችግር አመጣ። ስቴሮይድ ራሱ ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል። ከሌላ ጤና ተቋም ወይም ከሰፈር ፋርማሲ መድኃኒቱን ወስዶ የሚመጣ ሰው ጥምርታው የሚያስደነግጥ ሆኖ ይገኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ «ከመምጣትዎ በፊት መርፌ ወይም ኪኒን ወስደዋል?» የሚለውን ጥያቄ ደሙ ከመቀዳቱ አስቀድመን እንጠይቅ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ዲ-ዳይመራቸው በአንድ ሌሊት እጥፍ የሆነ አንዲት እናት አጋጠሙን። ሳንባቸው ውስጥ ደም ረግቷል ብለን የሄፓሪኑን (የደም መርጋትን የሚከላከለውን መድኃኒት) መጠን እንዲጨመር ካዘዝን በኋላ ቴክኖሎጂስቱ ስልክ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ቁጥሩን ብቻ አይዩ፤ ከጎኑ ያለውንም ያንብቡልኝ» አለኝ። የእኛ ሪኤጀንት አልቆ ናሙናው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ተልኮ ኖሮ፣ የእኛው ዲዲዩ በሚባል፣ የእነርሱ ደግሞ ኤፍኢዩ በሚባል ሌላ የመለኪያ አሃድ ነበር የሚጽፉት፤ በሁለተኛው የተጻፈ ቁጥር ከመጀመሪያው እጥፍ ገደማ ነው። እናቲቱ ምንም አልሆኑም ነበር። ትእዛዙን ሮጬ አስቆምኩት፤ እጄ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያው ሳምንት በኤክሴሉ ላይ ለእያንዳንዱ ውጤት የመለኪያ አሃዱ የሚጻፍበት ሌላ ዓምድ ጨመርን፤ ቀደም ሲል የገቡትንም ፎቶዎች አንድ በአንድ ተመልሰን አየን። ሲቀዳ የተሰባበረ ደም ኤልዲኤችን በሐሰት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ላቦራቶሪው «ሄሞላይዝ ሆኗል» ያለባቸውንም ለየናቸው።

በመጨረሻ ያወጣነው ነገር አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ዕድሜ፣ ተጓዳኝ ሕመም፣ የትንፋሽ ቁጥር፣ ሳቹሬሽን፣ የሁለቱ ሴሎች ጥምርታና ክሪያቲኒን አሉበት። ነጥቡ ከፍ ያለበት ሰው አልጋው ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ይቀርባል፣ በየሁለት ሰዓቱ ይታያል፣ ሲቢሲው በማግስቱ ይደገማል። ነጥቡን ማንንም ከሕክምና ለማስቀረት ወይም ቶሎ ለማስወጣት እንዳንጠቀምበት ገና ከጅምሩ ተስማምተን ከወረቀቱ ግርጌ ጽፈነዋል፤ የእኛ መረጃ ከአንድ ማዕከል የመጣና ጥቂት መቶ ሰዎችን ብቻ የያዘ በመሆኑ ያን ያህል ክብደት ሊሸከም አይችልም። በምርመራ መጠየቂያ ቅጹ ላይም ሁለት መስመር ታከለ፤ አንዱ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ ሌላው ስቴሮይድ መወሰዱ። እነዚህ ያልተሞሉበትን ቅጽ ቴክኖሎጂስታችን በማግስቱ ጠዋት ይዞ ወደ ዋርዱ ይመጣና ያዘዘውን ሐኪም በስሙ ጠርቶ ያስሞላው ነበር።