ፈረስ ዱቤ አያውቅም፦ ከማይታመን ደንበኛ ጋር የፈረስ ማደሪያ ማስተዳደር

ኮምቦልቻ ውስጥ ፈረስ ማሳደር ማለት ባብዛኛው የጋሪ ፈረስ ማሳደር ነው። ባለቤቱ ሌላ፣ ነጂው ሌላ፣ ማታ ገመዱን ይዞ በር ላይ የሚቆመው ደግሞ አንዳንዴ የነጂው ታናሽ ወንድም ነው። ገንዘብ የሚጠፋው በነዚህ ሦስት ሰዎች መካከል ነው። የምሠራበት ደንብ ሁሉ የተነሳው ከአንድ ሂሳብ ነው፤ ደንበኛው የዛሬውን ነገ ሊከፍል ይችላል፣ ፈረሱ ግን የዛሬውን ዛሬ ይበላል። ስለዚህ ስንት ቀን መታገሥ እንደምችል የሚነግረኝ የመኖ ክምችቴ እንጂ የሰውዬው አንደበት አይደለም።

የአንድ ፈረስ የቀን ወጪ በኪሎ ካልታወቀ ከማንም ጋር መነጋገር አይቻልም። የእኛ ጋሪ ፈረስ ባብዛኛው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ነው። የከብት ሚዛን ስለሌለኝ በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ፤ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያ፣ ቀጥሎ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን፣ ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዝቼ ለ11,880 አካፍላለሁ። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 የሆነ ፈረስ ወደ 215 ኪሎ ይመጣል። የሰፊ ሜትር 150 ላይ ያልቃል፤ ለአብዛኞቹ ይበቃል።

እንዲህ ያለ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ሲሠራ ለሚውል የምሰጠው 3 ኪሎ ተኩል ድርቆሽና የጤፍ ጭድ፣ 1 ኪሎ ከሩብ ገብስ፣ ግማሽ ኪሎ ፉርሽካ፣ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ጨው ነው። ገብሱን ለሁለት ከፍዬ ጠዋትና ማታ እንጂ አንድ ላይ አልሰጥም። ውኃ ቢያንስ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በሙቀት ወራት አንድ ተኩል እና ከዚያም በላይ። ረግጦና በትኖ የሚያበላሸው ስላለ መኖ ስገዛ ከአሥር አንድ እጅ እጨምራለሁ።

መስፈሪያው ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ይነሳል። አፉ የተቆረጠ የ3 ሊትር የዘይት ጀሪካን ገብስ ሲሞላ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ያው ጀሪካን ፉርሽካ ሲሞላ ግን 700 ግራም ያህል ብቻ ነው። «አንድ ጣሳ ስጡልኝ» ብሎ የሄደ ደንበኛ የቱን ጣሳ እንዳሰበ አይታወቅም። ስለዚህ ውሉ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ነው፤ ጀሪካኑም ላይ የገብሱና የፉርሽካው ልክ በየራሱ መስመር በቀለም ተሠምሯል። ርካሽ ነው ብሎ ፉርሽካ ብቻ እንዲሰጥለት የሚጠይቅ አለ። እምቢ እላለሁ። ፉርሽካ ፎስፈረሱ የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ ነው፤ ለወራት ብቻውን የተመገበ ፈረስ አጥንቱ ይደክማል፣ ከዚያ «እናንተ ጋ አድሮ ነው የታመመው» ይባላል።

ዋጋን በሁለት ከፍያለሁ፤ ማደሪያ ለብቻ፣ መኖ ለብቻ። የማደሪያው ብር ቶሎ ቶሎ አይለወጥም። የመኖው ግን ውሉ ላይ በኪሎ ተጽፎ በየ15 ቀኑ በገበያው ዋጋ ይሰላል፣ ዋጋውም በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ብር የሚያስከፍል ሰው ክረምት ላይ ገብስ ሲወደድ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል፣ ወይም ሳይናገር ከግርግሙ ይቀንሳል። ሁለተኛውን ደንበኛው ሲደርስበት ታማኝ የነበረውም መክፈል ያቆማል።

መያዣ የማልጠይቀው ደንበኛ የለም። መጠኑን የማወጣው እንዲህ ነው፦ ያልከፈለን ሰው ስንት ቀን እታገሣለሁ? ባለቤቱን ፈልጎ ለማግኘትና ሽማግሌ ለማስቀመጥስ ስንት ቀን ይፈጃል? 5 ቀን ታግሼ 7 ቀን የምፈልግ ከሆነ መያዣው የ12 ቀን ማደሪያና መኖ ነው። ብዙ ማደሪያ የ3 ቀን ይዞ ወር ሙሉ ይታገሣል፤ ቀሪው 27 ቀን ንጹሕ ብድር ነው። ይህን ያህል ባንድ ጊዜ ማውጣት የማይችል ይኖራል፣ ከባጃጁ ወዲህ የጋሪ ገቢ የሚታወቅ ነው። ለሱ ተያዥ እቀበላለሁ፤ ተያዡ ግን እዚሁ ፈረስ የሚያሳድርና ዕዳ የሌለበት መሆን አለበት። ውጭ ያለ ተያዥ ስልክ አያነሳም።

ክፍያ የምቀበለው ማታ፣ ፈረሱ ሲገባ፣ የዚያኑ ሌሊት ነው። ጠዋት ብጠይቅ «አብሽር ጋሼ፣ አንድ ዙር ሠርቼ እከፍላለሁ» ይባላል፤ ውሸትም ላይሆን ይችላል፣ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ኪሱ ባዶ ነው። ማታ ግን የቀኑ ገቢ ገና አልተበተነም። በቴሌብር ሲከፍሉ የእነሱን ስልክ አላይም። የትናንቱን የማረጋገጫ መልእክት፣ አለዚያም ቀኑ የተቀየረ ፎቶ የሚያሳይ አለ። የኔ ስልክ ላይ ካልገባ አልተከፈለም፤ ኔትወርክ ከጠፋ ደብተሩ ላይ «ያልተረጋገጠ» ብዬ ጽፌ ጠዋት ፈረሱ ሳይወጣ አየዋለሁ።

ባለቤትና ነጂ ሲለያዩ የመኖው ብር ከባለቤቱ ስልክ በቀጥታ ይመጣል፣ ነጂው የሚከፍለው ማደሪያውን ብቻ ነው። ሁለቱም በነጂው እጅ ካለፉ «ዛሬ ብዙ አልሠራም፣ ገብሱን ቀንሱለት» የሚል ትእዛዝ ይለመዳል፤ ትርፉ እሱ ኪስ ይገባል፣ ክሳቱ እኔ ላይ ይመዘገባል። ልኬቱን የሚቀይረው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ ያም በጽሑፍ መልእክት። ፈረሱን ማን ማውጣት እንደሚችልም ውሉ ላይ በስምና በፎቶ ተቀምጧል። ነጂ ተቀይሮ ባለቤቱ ካልደወለ አዲሱ ሰው ቢቆጣም ፈረሱ አይወጣም።

ውሉ አንድ ገጽ ነው። የመታወቂያ ቅጂ፣ የፈረሱ መልክ («ዳማ፣ ግንባሩ ቦራ፣ ግራ የኋላ እግሩ ነጭ» ተብሎ)፣ የመኖው ኪሎ፣ መያዣው፣ የሕክምና ፈቃድ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ሁለት ምስክር የምለው በዘፈቀደ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ መሆን ላለበት ውል የሚጠይቀው ይህንን ስለሆነ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ወረቀቱ ላይ ክርክር አይነሳም። ስልክ ቁጥር ሁለት እወስዳለሁ፤ ሁለተኛው በሌላ ቤት የሚኖር ሰው ይሆናል። ሁለቱንም ደንበኛው እፊቴ እንደቆመ እደውላለሁ።

ሲገባ የሚደረገው ምርመራ ግማሹን ጭቅጭቅ ከመነሳቱ በፊት ይዘጋል። ከአራት አቅጣጫ፣ ጀርባውን፣ አራቱን ኮቴዎች ፎቶ አንስቼ ወዲያው ለባለቤቱ በቴሌግራም እልካለሁ፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጣል። የደረቱን ዙሪያ በየሳምንቱ እለካለሁ። ከላይ ባለው ፈረስ ዙሪያው ከ140 ወደ 135 ቢወርድ 15 ኪሎ ቀንሷል ማለት ነው፤ «ፈረሴን አክስታችሁ» የሚለውን በቃል ከመሟገት ደብተሩን መክፈት ይሻላል። ገጣባ ካለው ስፋቱን በሴንቲ ሜትር እጽፋለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የመጣ ፈረስ በባትሪ ስለማይታይ ለብቻው በመቀበያው ጋጣ ያድራል፣ ደብተሩ ላይም «ሳይታይ የገባ» ይባላል።

የማልቀበለው ፈረስ አለ። በእግሩ ውስጠኛ ጎን፣ በደረቱ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰደሩ፣ የሚፈነዱና መግል የሚያወጡ እብጠቶች ካሉበት ንድፍት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በፈንገስ የሚመጣ ነው፤ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ የጋሪ ዕቃ ይተላለፋል፣ ሕክምናውም ረጅምና አስቸጋሪ ነው። ከተያዘ በኋላ ሳይታይ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ስለሚቆይ ንጹሕ መስሎ የገባውንም ማመን አይቻልም፤ ስለዚህ ልጓም፣ ጠፍርና መቦረሻ ከፈረስ ፈረስ አይዋዋሱም። የማይታመን ደንበኛ እዚህ ላይ ከገንዘቡ የባሰ ጉዳት ያመጣል፦ የራሱ ጠፍር ሲበጠስ ጠባቂውን ለምኖ የጎረቤቱን ይወስዳል። ዕቃው ሁሉ በየራሱ ችንካር ቁጥር ተጽፎበት የሚሰቀለው ለዚህ ነው።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ሌላው የማልደራደርበት ነው። በሽታውን የምታዛምተው ደቃቅ ተናካሽ ዝንብ በዝናቡና ከዝናቡ በኋላ ትበዛለች። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደሴ ወይም ከዚያ በላይ ካለው ደጋ በሐረጎ ወርዶ ወደ 1,850 ሜትር የሚመጣ ፈረስ ሙቀቱም ዝንቧም አዲስ ይሆኑበታል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ መሰጠት ያለበት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። የክትባት ወረቀት የሌለው ከሐምሌ እስከ ኅዳር አይገባም። «ነገ አመጣለሁ» የሚል ካለ ነገ ከወረቀቱ ጋር ይምጣ።

ደንበኛ መክፈል ሲያቆም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈረሱን በመቅጣት ነው። ፈረስ ተርቦ ባለቤቱ አያፍርም። ዳሩ ግን የቆመ ፈረስ ገብስ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ሙሉ ገብስ እየበላ ቆሞ ሰንብቶ ድንገት ጋሪ የተጫነ ፈረስ የኋላ ጡንቻው ይደነድናል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሽንቱ የቡና መልክ ይይዛል፣ መራመድም ያቅተዋል። ስለዚህ ፈረሱ መሥራት ባቆመ ማግስት ገብሱን አነሳለሁ፣ ድርቆሹን ወደ 4 ኪሎ ተኩል ከፍ አደርጋለሁ፣ ጨውና ውኃ እንዳለ ይቀጥላል፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በገመድ ይንሸራሸራል። ለጤናው ትክክል ነው፣ ወጪዬንም ይቀንሳል። ባለቤቱ ሲመለስ ገብሱ በሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይመለሳል፤ «ዛሬውኑ ልጫነው» ካለ አደጋውን ነግሬ አስፈርማለሁ።

የሚጠፋ ደንበኛ አስቀድሞ ይታወቃል። ዋናው ምልክት ልጓሙንና ጠፍሩን «ላስጠግን» ብሎ ወደ ቤት መውሰዱ ነው፤ ሊመለስ ያሰበ ሰው ዕቃውን አያሸሽም። ሌላው ግማሽ ግማሽ መክፈል ነው። በተለይ ፈረሱ ካነከሰ ወይም ካረጀ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ያን ቀን መያዣው ስንት ቀን እንደሚሸፍን አስልቼ ለባለቤቱ በጽሑፍ እልካለሁ። በ3ኛው ቀን ለሁለተኛው ስልክና ለተያዡ፣ በ5ኛው ሽማግሌ፣ መያዣው ሲያልቅ ወረቀቱን ይዤ ወደ ፍርድ ቤት።

ፈረሱን ሸጦ ዕዳን መቀነስ የሚያምር ሐሳብ ነው፣ ግን አይሆንም። የተረከብኩት በአደራ ነው፤ ያለ ውሳኔ ብሸጠው ዕዳ ያለብኝ እኔ እሆናለሁ፣ በእምነት ማጉደልም ልከሰስ እችላለሁ። በስልክ «በቃ ልቀቀው» ለሚልም አልታዘዝም። እዚህ አገር ያረጀ የጋሪ ፈረስ አስፋልት ላይ መለቀቁ የተለመደ ነገር ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው የጭነት መኪና መንገድ ደግሞ ከተማችንን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ሕጉ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፣ ሊጠብቅ የተረከበውንም ነው።

ሕክምና ላይ ውሉ አንድ የብር ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በታች ሳልደውል ሐኪም እጠራለሁ፣ ከዚያ በላይ እደውላለሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ስልክ ካልተነሳ በሐኪሙ ውሳኔ እቀጥላለሁ። ቁርጠት ባለቤት እስኪገኝ አይጠብቅም፤ ጎኑን እያየ መሬት የሚጭር፣ የሚንከባለል፣ ፋንድያ ያቆመ ፈረስ መኖው ይነሳል፣ ሐኪም ይጠራል።

የራሴን መኖ አመጣለሁ ለሚል ድርቆሽና ጭድ መዝኜ እቀበላለሁ፣ የሻገተውን በር ላይ እመልሳለሁ። ገብስ አልቀበልም፤ ጆንያው ባነሰ ቁጥር ሌባው እኔ ነኝ።

በረመዳን ጋሪው ሁሉ ከማፍጠሪያው በፊት ባንድ ጊዜ ይገባል። ነጂው ይቸኩላል፣ ፈረሱ ላብ በላብ ነው። ያን ወር አንድ ሰው በር ላይ ለገንዘብና ለምርመራ፣ ሌላ ሰው ውስጥ ለፈረስ እመድባለሁ፤ ውኃ ጥቂት በጥቂት እያረፉ፣ ገብሱ ትንፋሹ ከተመለሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ለአረፋ፣ ለመስቀልና ለመኸር አገር ቤት የሚሄድ ደንበኛ ሊርቅ ያሰበውን ቀን አስቀድሞ ይከፍላል፣ ፈረሱም ወደ ቆመ ፈረስ ቀለብ ይዞራል።

አንድ ደንበኛ ሲለቅ ፈረሱ እንደገባው ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መያዣው ተቀናንሶ እዚያው ይመለሳል፣ ባለቤቱ ይፈርማል። ከስሙ ጎን «ሳምንታዊ» (ሲመለስ በሳምንት ሊከፍል የሚታመን) ወይም «ዕለታዊ» (በየማታው የሚከፍል) ብዬ እጽፋለሁ። ሁለተኛው የተጻፈበት ሰው ተመልሶ ከመጣ እቀበለዋለሁ፤ ሙሉ መያዣ ከፍሎ፣ የሌሊቱንም በየማታው በር ላይ እየከፈለ።