በወርኀ ጽጌ ከቁስቋም ጀርባ፦ የጎንደርን ዳገት በሩጫ

የጎንደርን ኮረብታዎች በሩጫ ለማየት የጥቅምትን መጨረሻ የሚስተካከል ጊዜ የለም ብዬ ብከራከር የሚረታኝ ያለ አይመስለኝም። መስከረም ላይ አበባው ቢያምርም ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ሣሩ አርሮ አቧራ ብቻ ይቀራል። መሬቱ ደርቆ አበባው ገና ያልረገፈባት ወቅት ጠባብ ናት። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ወርኀ ጽጌ ብላ ለይታዋለች።

ቅዳሜ ማለዳ ከፋሲል መዋኛ ተነሣሁ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ እስኪገባበት ድረስ ገንዳው ባዶ ነው፤ አጥሩን ጨምድደው የያዙት የዛፍ ሥሮች ግን ሁልጊዜም ይታያሉ። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ እንግዳ ሯጭ ዳገቱን ገና ሳይጀምር ትንፋሽ ያጥረዋል።

ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በዚያ ቀን የእኔ አልነበረም። ገጠሩ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል፤ ጌሾ የጫኑ አህዮች፣ እግራቸው ታስሮ የተንጠለጠሉ ዶሮዎች፣ ኮንጎ ጫማ የተጫሙ ልጆች። ሁሉም ቁልቁል ሲወርድ ሽቅብ የምሮጠው እኔ ብቻ ነበርሁ። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ቆም ብለው፣

«ምነው ልጄ፣ ማን አባረረህ?» አሉኝ።

«ማንም አላባረረኝም እናቴ፤ ለጤናዬ ነው።»

«ለጤና ከሆነማ ና፣ ይኸን እንጨት ገበያ ድረስ አግዘኝ!»

አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የእሳቸውን ሸክም ተሸክሜ ያንን ቁልቁለት የምጨርሰው ግን አይመስለኝም።

ቁስቋም ላይ ብዙ አልቆየሁም። እ.ኤ.አ. በ1730 ልጃቸው ኢያሱ ሲነግሡ በእንደራሴነት አብረው ዘውድ የጫኑት እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት እዚህ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በዚሁ ግቢ ተቀምጦ ነበር። ከተማው መሐል ካለው የፋሲል ግቢ ጫጫታ አምልጦ ከዚህ ከፍታ መኖርን የመረጡት እቴጌ ቦታ ማየት ያውቁ ነበር እላለሁ። ፍርስራሹን በግራ ትቼ ወደ ጀርባው ተራራ ወጣሁ።

ደስታው ያለው እዚህ ነው። የሯጭ ምልክት ያለው መንገድ የለም፤ ያለው ሰውና ከብት ለገበያ፣ ለውኃና ለቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ የፈጠረው የእግር መንገድ ነው። ሰንበሌጡ ወደ ወርቅማ ቀይ ተለውጦ ወገቤ ይደርሳል። ፀሐይ በሚመታው ፊት አደይ አበባው ጠውልጓል፤ ከጥቁሩ ድንጋይ ጥላ ሥር ያለው ግን ትናንት የፈነዳ ይመስላል። ከዚያ በታች የኑግ ማሳ ይጀምራል። እሱም ቢጫ ስለሆነ የተዘራው የት አልቆ የበቀለው የት እንደሚጀምር ከሩቅ መለየት አይቻልም። ንቦቹም የለዩት አይመስለኝም፤ ከሁለቱም ላይ ይጮኻሉ። ማር የሚቆረጠውም በዚሁ ሰሞን ነውና ሥራ በዝቶባቸዋል።

አናቱ ላይ ስደርስ በምሥራቅ በኩል የጎሃ ኮረብታ፣ ከታች የቤተ መንግሥቱ ግንቦች፣ በደቡብ ርቆ ደግሞ ጣና እንደ ቀጭን ነጭ መስመር ታየኝ። ክረምቱ አየሩን ስላጠበው እንጂ በመጋቢት እንዲህ አይታይም።

መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሰባብሮ በደረቀው አፈር ላይ እንደ ባቄላ ይንከባለላል፤ እርምጃን አሳጥሮ ቶሎ ቶሎ ከመርገጥ በቀር መላ የለውም። ኮሸሽላው ደግሞ ቅልጥም አይምርም። ታች ስደርስ ካልሲዬ በጨጎጎት ተሸፍኖ ቀለሙ ጠፍቶ ነበር።

የሚሞክር ሰው ረጅም ካልሲ ያድርግ፣ ውኃውን ከከተማ ይዞ ይውጣ፤ ከቁስቋም በላይ ሱቅ አልገጠመኝም። በማሳ ዳር ሲያልፍ ሩጫውን ትቶ በእግሩ ይሂድ፤ ጤፉ ሊታጨድ የደረሰ ነው። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ስለሆነ በዚያ ዕለት መንገዱ የአንጋሹ ሕዝብ ነው፤ ሯጭ ሌላ ቀን ይፈልግ።