ኮዱን አትንኩ፣ ስማችሁን አስመዝግቡ

ዛሬ ድሬዳዋ ላይ የኢኮኖሚክስ ጥናቶችን ለሪፔክ ስናዘጋጅ ዋልን። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ክፍት ማውጫ የሚሰበስበው የወረቀቱን መረጃ ነው፤ ፒዲኤፉ በየተቋሙ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ተቋሙ ድረ ገጹን ሲቀይር ሊንኩ የሚሞተው ለዚህ ነው።

ለእያንዳንዱ ወረቀት ደራሲ፣ ርዕስ፣ ሊንክና መለያ ኮድ የያዘ ቅጽ ይሞላል። ኮዱ አንዴ ከወጣ ፈጽሞ አይነካ! ከተቀየረ ወረቀቱ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

የእኛ አገር ዋናው ራስ ምታት ግን ስም ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወሰዳል፤ "መሐመድ" በላቲን ፊደል መሃሉ ላይ አንዴ በአንድ ኤም፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል። ደራሲው በነጻ ተመዝግቦ አጻጻፎቹን በሙሉ ማስገባት፣ ሲስተሙ የሚያቀርብለትንም ወረቀት "የኔ ነው" ብሎ ማረጋገጥ አለበት። አለበለዚያ ሥራው ተበታትኖ ይቀራል። የሐረርና የድሬ ተመራማሪዎች፣ እባካችሁ ተመዝገቡ።