ክረምት ላይ ቫርኒሽ አትርጩ፦ 24 የአድዋ ዘማቾች ቀብቼ ልጨርስ ስል የገጠመኝ

ይሄን የምጽፈው ለኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አራት ወር ሙሉ ከስራ መልስ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ የቀባኋቸው 24 ትንንሽ የብረት ዘማቾች ነሐሴ ውስጥ በአንድ ጠዋት አመድ የተነፋባቸው መስለው ቀሩ። የተበላሸችው ደግሞ የመጨረሻዋ ስራ ናት፣ ቀለሙን እንዳይላጥ የሚሸፍነውን ቫርኒሽ መርጨት፣ ሁሉም ሰው "እሷማ ቀላል ናት፣ ረጨት ረጨት አድርገህ ትገላገላለህ" የሚላት። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፌ እሷ ላይ ነው የምቆየው።

መነሻው አባቴ ነው። ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው። ልጆች እያለን የካቲት 23 ሲደርስ ቡና ከተጠጣ በኋላ ሲኒዎቹን ይደፋና ተራራ ያደርጋቸዋል፣ የክብሪት እንጨት ደግሞ ሰው ይሆናል፣ ይሄ ፊታውራሪ ገበየሁ ነው፣ ይሄ የጣልያን መድፍ ነው፣ ይሄ እቴጌ ጣይቱ ያሉበት ነው እያለ በጣቱ እየገፋ ያሳየን ነበር። ካደግኩ በኋላ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የሀበሻ ዘማች በ28 ሚሊ ሜትር እየሰሩ የሚሸጡ የውጭ አምራቾች እንዳሉ ሳውቅ በቃ አላስችል አለኝ፣ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ስትመጣ አስመጣሁ፣ እና ለእንቁጣጣሽ ቀብቼ ለአባዬ እሰጠዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቀን መቁረጤ ነው በኋላ ጉድ የሰራኝ።

ቀለሙ የመጣው በዛው ሻንጣ ነው። አክሪሊክ ስለሆነ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥን ስለሆነ፣ ማንም አልነካውም። የስፕሬይ ጣሳዎቹን ግን፣ ፕራይመሩንም (ከቀለሙ በፊት ብረቱ ላይ የሚቀባውን) ቫርኒሹንም፣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም ብለው እዛው አስቀሩባት። ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሆነ ትክክል ናቸው፣ እኔ ቀድሜ ማጣራት ነበረብኝ። ግን ያበሸቀኝ የሸጠላት ሱቅ ለጉዞ እንደሆነ እየነገረችው ምንም አለማለቱ ነው። ከውጭ ሰው የምታስመጡ ካላችሁ በብሩሽ የሚቀባውን ብቻ አስመጡ፣ ስፕሬይ አትሞክሩ።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ የቅርጽ ማውጫው የተወውን መስመር በሞረድ ማጥፋት፣ በሱፐር ግሉ የለስላሳ ቆርኪ ላይ መለጠፍ፣ ቆርኪውን በማስቲሽ የሃይላንድ ክዳን ላይ አጣብቆ እንደ እጀታ መያዝ። ፕራይመር በብሩሽ ቀባሁ፣ ምንም አልሆነም። እጃችሁን ታጠቡ፣ አንዳንዱ ብረት ውስጥ እርሳስ አለበት። ቪዲዮ ላይ የምታዩዋቸው ባለሙያዎች ብሩሹን አፋቸው ውስጥ ከተት እያደረጉ ጫፉን ያሾሉታል፣ አትከተሏቸው።

ብሩሽ ላይ ደግሞ ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስት ምክር አለ፣ ትንሽ ነገር ለመቀባት በጣም ትንሹን ብሩሽ ግዛ የሚል። ሦስት ዜሮ የተጻፈበት ገዛሁ። ቀለሙ ጫፉ ላይ ፊት ጋ ሳይደርስ ይደርቃል፣ በተለይ በጋ ላይ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ሲሆን። ቁጥር 1 ብሩሽ ጫፉ ሹል ከሆነ ዓይን ድረስ ይሰራል፣ ሆዱ ቀለም ስለሚይዝ። ሌላው ያዳነኝ የምሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ፣ ስፖንጁ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ማንጠፍ ነው፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እስከ ነገ ሳይደርቅ ያድራል፣ መብራት ጠፍቶ ስራ ሲቋረጥ በጣም ይጠቅማል።

አሁን የምኮራበትን ልንገራችሁ። ከቀለሞቹ ጋር የመጣው "የቆዳ ቀለም" የሚባለው ሮዝ ነገር ለነሱ ቆዳ ነው። መጀመሪያ እሱን ከቡኒ ጋር ቀላቀልኩት፣ የወጣው የታመመ ሰው ፊት ነው። ሁለተኛው ስህተቴ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ፣ ግንባርና ጉንጭን፣ ቡኒው ላይ ነጭ ጨምሬ ማንጣት ነበር። ነጭ የኛን መልክ ያገረጣዋል፣ ግራጫ ያደርገዋል። ወር ያህል ከለፋሁ በኋላ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ከጥቁር ቡኒ ጀምሩ፣ ለማብራት ቢጫማ አፈር የመሰለውን ቀለም ጨምሩ፣ ለሌላው መልክ ደግሞ ትንሽ ብርቱካናማ፣ ነጭ በፍጹም። ሁሉንም በአንድ ድብልቅ አትቅቡ፣ እኔ አራት ዓይነት መልክ ሰራሁ፣ ጠየሙም ጠይም፣ ቀዩም ቀይ፣ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ ሲሰለፉ ሰው መሰሉ። ዓይን ላይ በድሮዎቹ የአድዋ ስዕሎች ተስቤ ነበር። እዛ የኛ ሰው ሁሌ ፊቱን ሙሉ ነው የሚሳለው፣ ሁለት ዓይን ትልልቅ፣ ጠላት ነው በጎን ባንድ ዓይን የሚሆነው። 28 ሚሊ ላይ ግን ትልቅ ነጭ ዓይን የደነገጠ ሰው ያደርጋል፣ ጥቁር ሰረዝ ብቻ በቂ ነው።

ሸማው ላይም ነጭን በነጭ አትጀምሩ። ከፈዛዛ ግራጫ ወይም ከአጃ ቀለም ጀምራችሁ እጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ንጹህ ነጭ አድርጉ። የጃኖው ቀይ ጥለት ሁለት ማታ ወሰደብኝ፣ አንፋሮ ያደረገው ሰውዬ የአንበሳ ጎፈር ደግሞ አንድ ሙሉ እሁድ። ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ውጅግራ፣ ለምድ፣ አንድም የዘለልኩት የለም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ 24ቱም አልቀው መደርደሪያ ላይ ሲቆሙ በሌሊት ተነስቼ አይቻቸዋለሁ።

የቀረው ቫርኒሽ ነው። አባቴ በእጁ ሳይነካ ማየት አይችልም፣ አክሪሊክ ደግሞ በጣት ይላጣል፣ ስለዚህ መሸፈን አለበት፣ እንዳያብለጨልጭ ደግሞ ማት የሚባለው መሆን አለበት። የታዘዘው ስፕሬይ ቀርቷል። መርካቶ የመኪና ቀለም ከሚሸጡት አንዱ ጋ ሄድኩና ማት ክሊር ስፕሬይ ጠየቅኩ፣ አክሪሊክ ላይ እንደሆነ፣ ትንንሽ ምስል እንደሆነ፣ ፎቶውን ሳይቀር አሳየሁት። "ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። ክረምት መሆኑን እሱም አላነሳም እኔም አልጠየቅኩም።

ጣሳው ላይ በትልቁ የተጻፈው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገህ፣ አየር ባለበት ቦታ እርጭ የሚል ነው። አየር ያለበት ቦታ ለኮንዶሚኒየም ሰው በረንዳ ነው። ማታውኑ ሰዎቹን ጣውላ ላይ ደርድሬ በረንዳው ላይ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ አሳደርኳቸው፣ ጠዋት ጊዜ ላለማጥፋት። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። አንድ ሰዓት ላይ ትንሽ ሲያባራ ወጣሁና ጣሳውን ሁለት ደቂቃ በደንብ ወዘወዝኩ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አንድ ጊዜ፣ ጣውላውን አዙሬ ሌላ ጊዜ። እርጥብ እያለ በጣም ያምር ነበር፣ ቀለሞቹ ሁሉ ደመቁ። ገባሁና ሻይ ጣድኩ።

ስመለስ መጀመሪያ የታየኝ የነጋሪት መቺው ፊት ነው። ጉንጩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። በጣቴ ጠረግኩት፣ አይጠረግም። ቀና ስል ሁሉም እንደዛ ናቸው። ያ ሁሉ ቡኒ፣ አራቱም መልክ፣ አንድ ዓይነት አመድ ሆኗል። ጋሻዎቹ የሻገተ ቆዳ መስለዋል። ሸማው ብቻ ነጭ ስለሆነ ምንም አልታየበትም፣ እና ይሄ ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ፣ ልብሱ ደህና ሆኖ ሰውየው የጠፋ ይመስል ነበር። ጣውላውን ይዤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፣ ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ ነው የገባሁት።

ጣሳውን አገላብጬ ሳነበው ከታች፣ ከአምራቹ አድራሻ በላይ፣ በጥቃቅን ፊደል እርጥበት ባለበት አየር አይጠቀሙ ይላል። ዋናው ነገር እዛ ይጻፋል? አሁንም ያናድደኛል። በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፈሳሹ ሲተን ያረፈበትን ነገር ያቀዘቅዘዋል፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው እዛው ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ያ እርጥበት እየደረቀ ያለው ቫርኒሽ ውስጥ ይታሰርና ነጭ ሆኖ ይቀራል። የኔዎቹ ደግሞ ብረት ናቸው፣ በረንዳ አድረው በረዶ ሆነዋል። ከዚህ የባሰ ሁኔታ ልፍጠር ብል አልችልም ነበር።

ከዛ ያባባስኩት ራሴ ነኝ። ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ "ድገመው፣ ሁለተኛው ያጠራዋል" አለኝ። እኔም ደገምኩት፣ በዛው ቀን፣ በዛው በረንዳ። ነጩ ወፈረ። በማግስቱ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ አልኮል አመጣሁና ነጋሪት መቺው ላይ በጥጥ ሞከርኩ። ነጩን ከነቀለሙ አነሳው። ጥጡ ላይ ያ አንድ ወር የለፋሁበት ቡኒ ቀረ፣ ሰውየው ፊት ላይ ብረቱ አበራ። እንዲህ ስትሆኑ ምንም ሳትነኩ ሦስት ቀን ተዉት፣ እኔ ሦስት ቀን ብተወው ኖሮ አንድም ሰው አላጣም ነበር።

መላው የተገኘው ከኩሽና ነው። አንዱ ከውጭ ሆኖ የሚቀባ ልጅ የወይራ ዘይት ሞክር ብሎ ጻፈልኝ። አላመንኩትም፣ ግን ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብዬ በብሩሽ ጫፍ አንዲት ጠብታ አንዱ ጋሻ ላይ አሳረፍኩ። ዘይቱ እየተስፋፋ ሲሄድ ቡኒው ከስሩ እየወጣ ተከተለው፣ መሃሉ ላይ የሳልኩት ቢጫ ክብ ሳይቀር ተመለሰ። ቀለሙ አልጠፋም ነበር ማለት ነው፣ ከነጩ ስር ነበር። ነጭ ያስመሰለው ቫርኒሹ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው፣ ዘይቱ ሲሞላቸው ብርሃን ያልፋል።

ግን ሁሉንም በዘይት አትቀቡ። ሦስቱን በዘይት ሰራሁ፣ በዘይት ላይ ሌላ ቫርኒሽ አልይዝ ብሎ አስቸገረኝ። ዘይቱን መሞከሪያ አድርጉት፣ ቀለሙ ከስር እንዳለ ካሳያችሁ በብሩሽ የሚቀባ ግሎስ ቫርኒሽ ውሰዱና ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እሱም ክፍተቱን ይሞላል፣ ለዘለቄታውም ይጠነክራል። ሲደርቅ ያብለጨልጫል፣ አትደንግጡ፣ ከላዩ በብሩሽ የሚቀባ ማት ስታደርጉበት ይጠፋል። ሃያዎቹን በዚህ አዳንኳቸው። ከነሱ ዘጠኙ ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ስላልጠራ ከላይ እንደገና ቀባሁ። ጳጉሜ 3 ቀን የሰፈሩ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ እየጮሁ ሲታጠቡ እኔ መስኮት ዘግቼ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ፣ ጉንጭ እየቀባሁ ነበር።

ምክሬን ከጠየቃችሁኝ፣ ባለሙያዎቹ ስፕሬይ ነው ጥሩ፣ የብሩሽ ምልክት አይተውም ይላሉ፣ ሀገራቸው ይሁንላቸው። እዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ስፕሬይ ቤታችሁ አታስገቡ። ማት ቫርኒሽ በብሩሽ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠርሙሱን በደንብ ወዝውዛችሁ፣ ምክንያቱም የሚያደበዝዘው ዱቄት ከታች ይቀመጣል። የግድ ስፕሬይ ካላችሁ በጋ ላይ፣ ረፋድ ላይ፣ ሰዎቹ ቤት ውስጥ አድረው፣ መጀመሪያ አንዱን ብቻ ረጭታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። አንዱን ብቻ። እኔ 24ቱን ባንዴ መርጨቴን ሳስብ እስከዛሬ ሆዴ ይቃጠላል፣ የቸኮልኩት ለበዓል ነው፣ አባቴ ደግሞ እየቀባሁ መሆኑን እንኳ አያውቅም ነበር፣ ማንም አላስቸኮለኝም።

መስከረም 1 ቀን 23ቱን ይዤ ሄድኩ። አባዬ መነጽሩን አደረገ፣ አንድ በአንድ እያነሳ መስኮት ጋ እየወሰደ አያቸው፣ ብዙም አልተናገረም። ከዛ እናቴን ሲኒ አምጪ አላት። ደፋቸው፣ ሰዎቹን በየቦታቸው አቆመ፣ ጨርሶ ትንሽ ራቅ ብሎ አየና "ነጋሪቱን ማን ይመታዋል ታዲያ?" አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። "ታዲያ ለምን ቸኮልክ፣ የካቲት አይደለም እንዴ ቀኑ" አለኝ።

ነጋሪት መቺውን ቀለሙን ሙልጭ አድርጌ አስለቅቄ ከፕራይመር ጀመርኩት። ጥር ላይ አለቀ፣ ቫርኒሹን በብሩሽ ቀባሁት፣ ጠይም ነው። የካቲት 23 ጠዋት በኪሴ ይዤው ሄድኩ፣ አባዬ ተቀበለኝና ከትልቁ ሲኒ ፊት አቆመው።