ብድር ይዤ አክሲዮን ገዛሁ

መስከረም 2014 ላይ ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማህበር 120,000 ብር ተበደርኩ። ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ የጀመርናት ቤት ጣሪያና በር ቀርቷት ነበር። ወለዱ 17 በመቶ፣ ጊዜው አራት ዓመት። በየወሩ ከደመወዜ ወደ 3,460 ብር ይቆረጣል። ጥር ላይ ዕቁብ ወጣልኝ። ስህተቱ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ያኔ ጓደኞቼ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ባንክ አክሲዮን ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ስንቀመጥ እንኳ ወሬው እሱ ነው። አንድ ባንክ ባለፈው ዓመት ለባለአክሲዮኖቹ 22 በመቶ ዲቪደንድ፣ ማለትም የትርፍ ድርሻ፣ ከፈለ ሲባል ሰማሁና የ50,000 ብር አክሲዮን ገዛሁ፤ ከ5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ጋር 52,500 ወጣብኝ። ከ22 በመቶው ግብር ሲቀነስ 19.8 ይቀራል፣ ብድሬ 17 ነው፣ ስለዚህ አተርፋለሁ አልኩ።

በብር አላሰላሁትም። 50,000ውን ለብድሩ ብከፍለው ኖሮ በዓመት 8,500 ብር ወለድ ይቀርልኝ ነበር፣ ያውም ያለ ጥርጥር። ከአክሲዮኑ የጠበቅኩት 9,900 ነው። ልዩነቱ 1,400 ብር! የአገልግሎት ክፍያው ብቻ የሁለት ዓመቱን ልዩነት ሊጨርሰው ምንም አልቀረው።

የመጀመሪያው ዲቪደንድ ህዳር 2015 ላይ 4,950 ብር ሆኖ መጣ። የባንክ በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ እኔ ጥር ላይ ስለከፈልኩ የተቆጠረልኝ ስድስት ወር ብቻ ነው። ለገና በግና ለልጆች ልብስ አለቀ።

ያንገበገበኝ ሁለተኛው ነው። ልጄ ሲታመም ሻሸመኔ ያለችው ታላቅ እህቴ 10,000 ብር አበድራኝ ነበር። "እትዬ፣ ህዳር ላይ ትርፌ ሲመጣ እሰጥሻለሁ" አልኳት። ባለቤቴ "ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብህ" ስትለኝ ተቆጣሁ። ህዳር 2016 የባንኩ ባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ትርፉ በጥሬ ገንዘብ ሳይከፈል ወደ ካፒታል እንዲዞር ወሰነ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 የተከፈለ ካፒታላቸውን (ባለአክሲዮኖች ያዋጡትን ገንዘብ) 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዝዞ ነበር፤ ይህን አውቄ መጠየቅ ነበረብኝ። አክሲዮኔ በወረቀት ጨመረ፣ እጄ ላይ አንድ ብር አልገባም። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት "ግድ የለም፣ ሲኖርህ" አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መጀመሪያ የእሷን በየወሩ 1,000 እየላክሁ ጨረስኩ። ወለድ የለውም፣ ግን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነበር። ከዚያ ማህበሩ ሄጄ የሂሳብ ሠራተኛዋን ጠየቅኋት፦ ወለዱ የሚሰላው መጀመሪያ በወሰድኩት ብር ላይ ነው ወይስ በቀረብኝ? መዝገቡን ከፍታ አሳየችኝ። በመጀመሪያው ወር ከተቆረጠብኝ 3,460 ውስጥ 1,700ው ወለድ ነበር፤ ከዚያ በየወሩ እየወረደ ሄዷል። በቀሪው ላይ ነው ማለት ነው፣ ቀድሞ መክፈል ያዋጣል። የእናንተ ወለድ መጀመሪያ በወሰዳችሁት ብር ላይ የሚሰላ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ብትከፍሉም ላይቀነስላችሁ ይችላል፤ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ክረምቱን ተማሪ አስጠንቼ ያጠራቀምኩት ልክ ያን ያህል ነበር። ቴሌብር ከፍቼ ቁጥሩን እስከመሙላት ደረስኩ። ከዚያ ዘጋሁት። በማግስቱ ብሩን ለማህበሩ ከፈልኩ። የዚያ ዓመት ዲቪደንድ በጥሬ ገንዘብ ሲመጣም እንዳለ ብድሩ ላይ አደረግሁት። መጋቢት 2017፣ ከጊዜው ስድስት ወር ቀድሞ፣ ብድሩ አለቀ።

አክሲዮኑን አልሸጥኩትም፤ ብድር እያለብኝ ግን ሌላ አልጨመርኩም። አሁን 3,460 ብሩ እጄ ላይ ይቀራል። ግማሹን ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን፣ ግማሹ ለአክሲዮን ይጠራቀማል። ዲቪደንዱን ግን ሂሳቤ ውስጥ መግባቱን የሚነግር መልእክት ስልኬ ላይ ሳይደርስ ባለቤቴም እኔም የወር ወጪ ደብተራችን ላይ አንጽፈውም።