ምጣድ ላይ ሆነው የሚከታተሉን

ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ የቀን ሽፍት የሚወድ ሰው አላየሁም። ዜናው ማታ፣ እንግዳው ማታ፣ ስፖንሰሩም ማታ። ቀን የሚሄደው ድጋሚ ነው። እኛም ማስተር ኮንትሮል፣ ማለትም ስርጭቱ የሚወጣበት ክፍል ውስጥ፣ ቀን የሚመደበው አዲስ የገባ ወይም ከአለቃ ጋር የተኳረፈ ነው። እኔ የትኛው እንደሆንኩ ይቅር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ እያስተላለፍን ነው። ከማስታወቂያ ስንመለስ ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ድምፁ ግን ቱርክኛ ሆኗል። የፋይሉ ሁለተኛ ክፍል ላይ የድምፅ ትራኮቹ ተገለባብጠው ኖሯል። እኛ ክፍል ስፒከሩ ሁሌም ዝቅ ያለ ነው፤ ዓይናችን ስክሪኑ ላይ ነው። የከንፈሩ እንቅስቃሴ እንደሆነ በትርጉም ድራማ መቼም ገጥሞ አያውቅም። ማንም ልብ አላለም።

የነገረን ስልኩ ነው። አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ምነው አማርኛውን ወሰዳችሁብን?» አሉኝ። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው እንዲያበሩት ልነግራቸው ስል አቋረጡኝ። «ኧረ እኔ መቼ አየሁት! ምጣድ ላይ ነኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምሰማው።» ቀጥሎ የደወለችው ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እጇ ስለተያዘ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዘችላት ደንበኛዋ ነበረች። ከዚያ አንድ ልብስ ሰፊ። «ለባለቤቴ ብዬ ነው እንጂ» ብሎ ጀመረና ያመለጠውን ትዕይንት አንድ በአንድ ጠየቀኝ። የስፌት መኪናው ድምፅ ከኋላ ይንኳኳል።

የሽፍቱ አስተባባሪ «ተዉት፣ እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ይሂድ። ቀን ማን ያያል?» አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡት አንጋፋ ቴክኒሺያናችን ሳቁ። «ልክ ነህ፣ የሚያይ የለም። የሚሰማ ግን አገር ሙሉ ነው» አሉ። «ይቅርታ» የሚለውን ካርድ አውጥተን ፋይሉን መልሰን ጫንን። እሳቸው ግን ወሬ ጀምረዋል፤ ጋሼ ከጀመሩ ደግሞ አሜሪካ ሳይደርሱ አይመለሱም።

አሜሪካ ውስጥ ዱሞንት የሚባለው የቴሌቪዥን ኔትወርክ በኒውዮርክ ጣቢያው ቀን ሙሉ ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ያኔ ነገሩ ያልተዋጠላቸው ብዙ ነበሩ። የቤት እመቤት ሬድዮ እየሰማች ታጥባለች፣ ታበስላለች፤ ስክሪን ላይ ካፈጠጠችማ ወጡ ያርራል፣ አሉ። ኤርና ፊሊፕስ የምትባለው የሬድዮ ድራማ ደራሲ በ1949 ከቺካጎ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ያስጀመረችው ተከታታይ ድራማ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው የቆየው።

ከ1937 ጀምሮ በሬድዮ የሚሄደው ሌላው ድራማዋ «ዘ ጋይዲንግ ላይት» ግን በ1952 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ገባና ጸና። እስከ 1956 ድረስ ያው ጽሑፍ በሁለቱም ይተላለፍ ነበር። ተዋንያኑ ለካሜራው ተጫውተው ሲያበቁ ለማይክሮፎን ይደግሙታል። ለጆሮ የተጻፈ ነገር ስለሆነ ሁሉም በንግግር ነው የሚያልቀው። ትናንት የሆነውን ዛሬ ቡና እየጠጡ ደግመው ያወሩታል። ነገር ሊበላሽ ሲል ኦርጋኑ ይጮሃል፤ ያን ጊዜ የምታጥበው ሴት ቀና ትላለች። እኔ ድሮ የደራሲ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ወጪውን ይሸፍን የነበረው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሳሙና ሻጭ ነው፤ አድማጩ እጁ ምን ላይ እንዳለ አሳምሮ ያውቃል።

ጋሼ በጣም የሚወዱት ግን የኅዳር 1963ቱን ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22፣ በኒውዮርክ ከቀኑ 7:40 ላይ ሲቢኤስ «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» የተባለውን ድራማ በቀጥታ እያስተላለፈ ነው። አንዲት እናት፣ ልጇ የፈታት ሚስቱን ለበዓል ምሳ እንደጠራት ለአያትየው እያወራች ነው። ድንገት ምስሉ ጠፋና የዜና ካርድ መጣ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተተኩሶባቸዋል። የዜና አንባቢው የዋልተር ክሮንካይት ድምፅ እንጂ ፊቱ የለም፤ በዚያ ዘመን ካሜራ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ዜና ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የተዘጋጀ ካሜራ አልነበረም። ተዋንያኑ ነገሩን ሳይሰሙ ትወናቸውን ቀጥለዋል። ያን ዜና በሲቢኤስ የሰማው የቀን ተመልካች መጀመሪያ በጆሮው ነው የሰማው።

ድራማው ቱርክኛ ከሆነበት ቀን ወዲህ፣ እኛ ክፍል ቀን ላይ ስፒከሩ ከፍ ብሎ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ፋይል ከማስታወቂያ በኋላ ያለው ክፍሉም ሳይቀር አስቀድሞ በጆሮ ይፈተሻል። አስተባባሪው ራሱ ያስቀመጠው ደንብ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የተበላሸውን ክፍል በማግስቱ ደገምነው። ልብስ ሰፊው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ለማጣራት ጠዋት ደውሎ ነበር። ለባለቤቱ ብሎ።